ለደብዳቤው መልስ ስጪ

ልጄ፣ የራስሽን ሳሎን መክፈትሽን ስሰማ ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ገበያሽን ያድምቅልሽ። ስለ ፀጉር አሠራር የምመክርሽ ነገር የለኝም፤ ሹሩባውንም ቀለሙንም ከእኔ አሳምረሽ ትሠሪያለሽ። የምጽፍልሽ ግድግዳሽ ላይ ስለሰቀልሽው ፈቃድ ነው። እዚህ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደንበኛ ተራ ይዞ የሚጠብቃቸው፣ እጃቸው የሚያስቀና ልጆች ፈቃዳቸውን ሲያጡ አይቻለሁ። ሥራ ስላልቻሉ አልነበረም። የመጀመሪያው ወረቀት ሲመጣ ፈርተው ዝም ስላሉ ነው። ባደግንበት አገር የመንግሥት ማኅተም ያለበት ፖስታ ሰው ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ሳይከፍት ያስቀምጠዋል። ከዚህ በታች የምልሽ ብዙው ነገር ያንን ልማድ እንድትተዪ ነው።

የምጽፍልሽ ነገር ባርበር ቤት የከፈቱ ወንድሞችሽንም ይመለከታል። በካሊፎርኒያ ቀድሞ ሁለት የነበሩት ቦርዶች በ1992 አንድ ሆነዋል፤ ቶንዶዝ የያዘውንም ጥፍር የምትሠራውንም የሚቆጣጠረው ያው የባርበርና የኮስሜቶሎጂ ቦርድ ነው። ዓመቶቹን የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

1. ቅጣትን ከክስ ለዪ።

ሰው “ከቦርድ ወረቀት መጣብኝ” ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ሳይቴሽን የሚሉት ነው። ኢንስፔክተር ይመጣል፣ ጉድለት ካገኘ ይመዘግባል፣ ኋላም የገንዘብ ቅጣቱ ዝርዝር በፖስታ ይደርስሻል። ይህ ኪስሽን ይነካል እንጂ ፈቃድሽን በቀጥታ አይወስድም። ሁለተኛው አኩዜሽን ነው። በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ በኩል የሚመጣ ክስ ሲሆን የሚጠይቀውም ፈቃድሽ እንዲሰረዝ ወይም እንዲታገድ ነው። ከሳይቴሽን ወደ አኩዜሽን የሚሄደው መንገድ ብዙ ጊዜ ረጅም ነው። ሰው ያን ሁሉ መንገድ የሚሄደው ተደጋጋሚ ጥፋት ሲያጠራቅም፣ ወይም ሌላ ሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ፣ ወይም ሲዋሽ ነው። ስለዚህ ሳይቴሽን ስታዪ ሱቄ ተዘጋ ብለሽ አትንቀጥቀጪ፤ አኩዜሽን ስታዪ ደግሞ እንደ ተራ ቅጣት አትቁጠሪው።

2. ቀኑን ቁጠሪ።

ሳይቴሽን ሲደርስሽ ከቅጣቱ መጠን በፊት ወረቀቱ የወጣበትን ቀን ፈልጊ። ከዚያ ቀን አንሥቶ 30 ቀን አለሽ። በነዚህ ቀናት ውስጥ ወይ ትከፍያለሽ፣ ወይ በጽሑፍ ይግባኝ ትያለሽ። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ይግባኝ ካልሽ ጉዳይሽን የሚያየው ከቦርዱ አባላት የተውጣጣ፣ የዲሲፕሊን ጉዳዮችን የሚገመግም ኮሚቴ ነው። እንደ ፍርድ ቤት የሚያስፈራ አይደለም። ቀርበሽ ታስረጃለሽ፣ ወይም ሐሳብሽን ጽፈሽ ትልኪያለሽ። ኮሚቴው ቅጣቱን ሊያጸናው፣ ሊቀንሰው ወይም ሊሰርዘው ይችላል። በውሳኔው ካልተስማማሽ እንደገና 30 ቀን አለሽ፤ ጉዳዩ የአስተዳደር ዳኛ ዘንድ ይሄዳል።

ኮሚቴው ፊት ባዶ እጅሽን አትቅረቢ። ኢንስፔክተሩ በሄደ በዚያው ቀን ጉድለቱን አስተካክዪና ፎቶ አንሺ። የፀረ ጀርሙን፣ የባለ ክዳኑን አዲስ የፎጣ ማጠራቀሚያ፣ የገዛሽውን ሁሉ ደረሰኝ አስቀምጪ። ጥፋቱ ካለ “ነበረ፤ እንዲህ አድርጌ አስተካክያለሁ” በይ። ሰው ሁሉ ሲክድ የሰሙ ሰዎች የሚያምኑትን ሰው ለመለየት አይቸገሩም። እኔ በሁሉም ነገር ይግባኝ በይ አልልሽም። ቅጣቱ ትክክል ከሆነ ክፈይና ሥራሽን ቀጥዪ፤ መክፈልም መልስ ነው። ቅጣቱ ከ500 ዶላር በላይ ሆኖ በአንድ ጊዜ ካቃተሽ ቀስ በቀስ ለመክፈል ስምምነት መጠየቅ ይቻላል። እሱንም ቢሆን አንቺ ካልጠየቅሽ ማንም መጥቶ አይሰጥሽም።

ዝም ስትዪ የሚሆነውን ልንገርሽ። ፈቃድሽ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ያልተከፈለ ቅጣት ካለብሽ አይታደስልሽም። አንቺ ግን ቤት ኪራይ አለብሽ፣ አገር ቤት የምትረጃቸው ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ ባለቀ ፈቃድ መሥራት ትቀጥያለሽ። ጊዜው ባለፈ ፈቃድ መሥራት ያለ ፈቃድ መሥራት ነው። ኢንስፔክተሩ ተመልሶ ሲመጣ የሚጽፍብሽ ስለ ማበጠሪያ አይደለም፤ ቅጣቱ ሺህ ዶላር የሚደርስበት ጥፋት ነው። ሁለት መቶ ዶላር የማይሞላ ነገር እንዲህ እያለ ያድጋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ፈቃድሽ ቀኑ አልፎበት ከሆነም አትደናገጪ፤ አምስት ዓመት ሳይሞላ ማደስ ይቻላል። ከአምስት ዓመት ካለፈ ግን እንደ አዲስ አመልካች ትጀምሪያለሽ።

3. አድራሻሽን አሳውቂ።

ቤት በቀየርሽ በ30 ቀን ውስጥ ለቦርዱ መንገር ግዴታሽ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር ያየዋል። ቦርዱ ግን ደብዳቤ የሚልከው በመዝገቡ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው፤ እዚያ ከተላከ እንደደረሰሽ ይቆጠራል። ድሮ ከጓደኛሽ ጋር በተከራየሽው አፓርታማ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቀኑ ቢያልፍ፣ “አልደረሰኝም” ማለት አያድንሽም። ዛሬ ማታ ገብተሽ አስተካክዪው፤ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው።

4. ኢንስፔክተር ሲመጣ ማንም በጓሮ በር አይውጣ።

ቀጠሮ ሳይዝ በሥራ ሰዓት ገብቶ ማየት በሕግ የተሰጠው ሥልጣን ነው። ማደናቀፍና መከልከል ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ከቆሸሸ ብሩሽ የከበደ። መታወቂያውን እንዲያሳይሽ በትሕትና ጠይቂ፣ ሰላም በዪው፣ ደንበኛሽን ይቅርታ ጠይቀሽ የሚለውን አዳምጪ። ሲሄድ የሚተውልሽን ወረቀት እዚያው አንብቢ፤ ያልገባሽን እዚያው ጠይቂ። መፈረም ማመን አይደለም፤ ወረቀቱን መቀበልሽን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ቡና ላፍላልህ፣ ምሳ ልጋብዝህ እያልሽ አትለማመጪው። እኛ ዘንድ እንግዳ አክባሪነት ነው፤ እዚህ ግን በተቆጣጣሪና ቁጥጥር በሚደረግበት ሰው መካከል ሲሆን ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ገንዘብማ አይታሰብም። ኢንስፔክተር በእጁ ቅጣት አይሰበስብም። ስልክ ደውሎ “ፈቃድሽ ሊታገድ ነው፣ አሁኑኑ በጊፍት ካርድ ክፈይ” የሚልሽ ሌባ ነው፤ ዝጊበት።

5. ንጽሕናውን ለኢንስፔክተሩ ብለሽ አታድርጊው።

ልጄ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ። ሰዎች እነዚህን ሕጎች ነጋዴ ማሰቃያ አድርገው ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። በ2000 ዋትሰንቪል በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ በአንድ የጥፍር ቤት ፔዲኪዩር ያሠሩ ከመቶ በላይ ደንበኞች እግራቸው ላይ እባጭ ወጣባቸው። እባጩ ወራት ፈጀ፤ ብዙዎቹ ላይ ጠባሳ ተወ። ሐኪሞች ሲመረምሩ ያገኙት በውኃ ውስጥ የሚኖር ማይኮባክቴሪየም ፎርቱይተም የሚባል ተህዋስ ነው። መራቢያው የት ነበር? እግር በሚነከርበት ገንዳ ማጥለያ ወንፊት በስተጀርባ። ወንፊቱ ተነቅሎ ሳይጸዳ ቆይቶ ፀጉርና የቆዳ ፍርፋሪ ተጠራቅሞበት ነበር። ከመምጣታቸው በፊት እግራቸውን በምላጭ የተላጩት ሴቶች ይበልጥ ተጠቅተዋል፤ ምላጩ በከፈተው ጥቃቅን ቁስል ተህዋሱ ገባ። ጥናቱ በ2002 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ላይ ላዩን ሲታይ ገንዳው ነጭ፣ ውኃውም ንጹሕ ሊመስል ይችላል።

ዛሬ እያንዳንዱ ደንበኛ ከወረደ በኋላ ገንዳው እንዲፈስስ፣ በሳሙና እንዲፈተግ፣ በፀረ ጀርም ውኃ እንዲሞላ፣ ቀኑ ሲያልቅ ወንፊቱ ወጥቶ እንዲጸዳ፣ ይህም ሁሉ በመዝገብ እንዲጻፍ የሚያዝዘው ደንብ የተወለደው ከነዚያ ሴቶች እግር ነው። መዝገቡን ማታ ቁጭ ብለሽ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ አትሙዪው። ቀለሙ አንድ፣ እጁ አንድ የሆነ መዝገብ ያየ ሰው ወዲያው ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ እውነት የተናገርሽውንም አያምንሽም።

ማበጠሪያና መቀስ ላይ የሚታየው ስሕተት በአብዛኛው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ፀጉሩ ይወገዳል፣ ቀጥሎ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ፀረ ጀርሙ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጠልቃል። ሙሉ በሙሉ ማለት እጀታውም ጭምር ነው። ግማሹ ወጥቶ የቆመ ማበጠሪያ ጉድለት ነው። ሰማያዊው ባርቢሳይድ ከ1947 ጀምሮ ያለ፣ በየባርበር ቤቱ የሚታይ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሰማያዊ መሆኑ ብቻ አይሠራም። ሁለት አውንስ በ32 አውንስ ውኃ ይበጠበጣል፣ ዕቃው 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ሲደፈርስ ይደፋል። ዋናውን ጠርሙስ ከነመለያው ሱቅ ውስጥ አስቀምጪ፤ ኢንስፔክተሩ ይጠይቅሻል። ቶንዶዙን ደግሞ ፀጉሩን በብሩሽ አራግፈሽ ለዚያ የተፈቀደ መርጫ ወይም መጥረጊያ ተጠቀሚ። ንጹሑና ያልጸዳው በየራሱ ሣጥን ይሁን፤ በላዩም ይጻፍበት።

የጥፍር ሞረድና እንጨቱን፣ ማጽዳት የማይቻለውን ሁሉ፣ ከአንድ ሰው በኋላ ጣዪ። ስስት አይግባሽ። ተረከዝ መላጫ ምላጭ ደግሞ መጠቀም ቀርቶ ሱቅሽ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ያስቀጣል፤ “የእኔ አይደለም፣ የድሮዋ ሠራተኛ የተወችው ነው” ቢባልም። ካፑ የደንበኛውን አንገት ቆዳ እንዳይነካ የአንገት ወረቀት ወይም ንጹሕ ፎጣ ይደረግ። ከአገር ቤት ወይም ከዱባይ በሻንጣ የመጣ፣ ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት ክሬም ሰው ላይ አትቀቢ፤ መጀመሪያ የምትጎጂው የራስሽን ሰው ነው።

6. በሌላ ሰው ፈቃድ አትሥሪ፤ በፈቃድሽም ሌላ ሰው አታሠሪ።

ይህ እኛን በብዛት የሚጥለን ነው፤ የሚመጣውም ከክፋት አይደለም። የአክስት ልጅ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። እዚያ ቦሌ ላይ የታወቀች ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ ሥራ ፈትታ ስትቀመጥ አንጀትሽን ይበላዋል። “እስክትማር እኔ ጋ ትሥራ” ትያለሽ። ያለ ፈቃድ በሠራችው እሷ ትቀጣለች፣ ባሠራሻት ደግሞ አንቺ፤ ሁለቱም ቅጣት ሺህ ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል። አብሮሽ የሌለ ሰው ፈቃድ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በስሙ መሥራትማ ማጭበርበር ነው፤ ወደ አኩዜሽን በፍጥነት የሚወስደው እንዲህ ያለው ነው።

ከወደድሻት ትምህርት ቤት አስገቢያት። ከ2022 ጀምሮ ለባርበርም ለኮስሜቶሎጂም የሚጠየቀው 1,000 ሰዓት ሆኗል፤ ለፀጉር ብቻ የሆነው አዲሱ ፈቃድ ደግሞ 600 ሰዓት ነው። የተግባር ፈተናውም ቀርቷል። የጽሑፍ ፈተናው በስፓኒሽ፣ በቬትናምኛና በኮሪያኛም ይሰጣል፤ በአማርኛ ግን የለም። ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። ማኅበሮቻችን ለሠርግና ለበዓል የሚተባበሩትን ያህል ለዚህ ጥያቄ ተባብረው ቢጽፉ እወድ ነበር። እስከዚያው ቋንቋውን ማስጠናት የእኛ የቀደምነው ሥራ ነው። እሑድ ከሰዓት አንድ ሁለት ሰዓት አብረሻት ብታነቢ ምን ትጎጃለሽ?

7. ሱቅ ስትገዢ ፈቃዱን አልገዛሽም።

የሳሎን ፈቃድ ከባለቤት ወደ ባለቤት አይተላለፍም፤ ከቦታ ወደ ቦታም አይሄድም። ወንበሩን፣ ካስኩን፣ ደንበኛውን ገዝተሽ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት የሻጯ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ቤት ውስጥ ነው የምትሠሪው። አበሻ ለአበሻ ሲሸጥ በመተማመን ስለሆነ ይህ ይረሳል። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት በስምሽ አመልክቺ። የሻጯን ሱቅ መዝገብም እዪ፤ የቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ብታስገቢ የተወሰደበት የዲሲፕሊን እርምጃ ይታያል። የአንቺንም ደንበኛሽ እንዲሁ ማየት ትችላለች።

ወንበር የምታከራዪ ከሆነም አስተውዪ። ተከራይዋ የራሷ ፈቃድና የራሷ ደንበኛ ቢኖራትም፣ በሱቅሽ ውስጥ ለተገኘው ጉድለት እሷም አንቺም ልትቀጡ ትችላላችሁ።

8. ሹሩባ የምትሠሪ ብቻ ከሆንሽ መብትሽን እወቂ።

በካሊፎርኒያ የተፈጥሮ ፀጉርን በእጅ መጎንጎን፣ መጠምዘዝ፣ ተጨማሪ ፀጉር ቀላቅሎ መሥራት ፈቃድ አይጠይቅም። ይህ በስጦታ የተገኘ አይደለም። ጆአን ኮርንዌል የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት ስቴቱን ከሳ በ1999 የፌዴራል ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ ሹሩባ ወደማያስተምር ትምህርት ቤት ሹሩባ ሠሪን በግድ መላክ ትክክል አይደለም ተባለ። በጥቁር ሴቶች ትግል የተገኘ መብት እኛንም እንጀራ አብልቶናል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ወሰኑ ግን ግልጽ ነው። መቀስ ካነሣሽ፣ ቀለም ከቀባሽ፣ ፀጉር የሚያለሰልስ ኬሚካል ከነካሽ ወሰኑን አልፈሻል። “ጫፉን ብቻ ቁረጪልኝ” የምትል ደንበኛ ትመጣለች። ፈቃድ ወዳላት እህት ላኪያት። ፈቃድ ቢኖርሽም ወሰኑን እወቂ፤ ለምሳሌ የወንድ ጢም በምላጭ መላጨት የባርበር ሥራ ነው፣ የኮስሜቶሎጂ ፈቃድ አይሸፍነውም።

9. አኩዜሽን ከመጣ በዚያው ሳምንት ጠበቃ ፈልጊ።

እዚህ ያለሽ ጊዜ 30 ቀን አይደለም፤ 15 ቀን ነው። በነዚህ ቀናት ውስጥ “እከራከራለሁ” የሚለውን ቅጽ ካልመለስሽ ቦርዱ አንቺን ሳይሰማ ሊወስንብሽ፣ ፈቃድሽንም ሊሰርዝ ይችላል። ጠበቃው የባለሙያ ፈቃድ ጉዳይ የሚያውቅ ይሁን። የኢሚግሬሽን ጉዳይሽን የጨረሰልሽ ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ሌላ ሙያ ነው። ችሎት የምትቀርቢ ከሆነ ስለ አስተርጓሚ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ የልጅሽን እንግሊዝኛ ተማምነሽ አትግቢ። ልጅ የእናቱን ክስ መተርጎም የለበትም።

ብዙው ጉዳይ ዳኛ ዘንድ ሳይደርስ በስምምነት ሊያልቅ ይችላል። ስምምነት ማለት በአብዛኛው ፕሮቤሽን ነው፤ እየሠራሽ ትቆያለሽ፣ ሪፖርት ታቀርቢያለሽ፣ ሳይታሰብ ይጎበኙሻል፣ የምርመራውንም ወጪ ልትከፍዪ ትችያለሽ። ከባድ ነው፤ ግን በሥራ ላይ ነሽ። “ፈቃዴን አስረክቤያለሁ” የሚለውን ወረቀት ግን ጠበቃ ሳያነብልሽ አትፈርሚ። ከጭንቀት ለመገላገል ብቻ የፈረሙት ሰዎች አሉ፤ ሲረጋጉ የሠሩትን ያውቃሉ።

ላስ ቬጋስ ዘመድ አለኝ፣ እዚያ ሄጄ እከፍታለሁ የሚል ሐሳብም ይመጣብሻል። ስቴቶች የፈቃድ ማመልከቻ ሲቀበሉ ሌላ ቦታ እርምጃ ተወስዶብሽ እንደሆነ ይጠይቃሉ። እውነቱን ጻፊ። ካሊፎርኒያ ራሷ በሌላ ስቴት የተወሰደ እርምጃን ለቅጣት ምክንያት አድርጋ ትወስዳለች።

10. ፈቃዷ የተሰረዘባትን እህት አትሽሺያት።

በእኛ መካከል የሱቅ መዘጋት ሐሜት ይሆናል፤ ሴትዮዋም ከቤተ ክርስቲያንም ከዕቁብም ትቀራለች። ይህን አልወድም። የተሰረዘ ፈቃድ ለዘላለም የተቆለፈ አይደለም። ውሳኔው ከጸናበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ፈቃዷ እንዲመለስላት ለቦርዱ ማመልከት ትችላለች። ማመልከት ማለት ማግኘት አይደለም፤ ምን እንደተለወጠ ማስረጃ ይጠየቃል። በዚያ ዓመት የወሰደችው የጤናና የንጽሕና ትምህርት፣ የከፈለችው ቅጣት ደረሰኝ፣ የሚያውቋት ባለሙያዎች የጻፉላት ደብዳቤ ያስፈልጋታል። አንቺ ፈቃድ ያለሽ ባለሙያ ነሽ፤ ያ ደብዳቤ ካንቺ ሊሆን ይችላል። እውነት የሆነውን ብቻ ጻፊላት። እንዲህ ያለች እህት ካወቅሽ በዚህ ሳምንት ደውዪላት፣ ወረቀቶቿን አንድ ላይ ሆናችሁ አንብቡ፣ ዓመቱ የሚሞላበትንም ቀን ጻፉ።